ለቢባ የራሷን ሙሾ ስታርም

ለቢባ ለሞቷ ያላሰናዳችው ነገር አልነበረም። መገነዣዋን ራሷ ሰፍታ ከአልጋዋ ሥር ካለው ሳጥን አኑራዋለች፤ ብል እንዳይበላው በየዓመቱ አውጥታ ፀሐይ ታስመታዋለች። ከባሏ ከሸሃታ መቃብር በስተግራ እንዲቀብሯት ለልጆቿ ተናዛለች፤ በቀኝ በኩል ሲተኙበት ያንኮራፋል። ለለቀስተኛው የሚቀርበውን ምስር ወጥ ማን እንደሚሠራው ሳይቀር ወስናለች። ጎረቤቷ የፋኑስ ሚስት ግን ድስቱ ዘንድ እንዳትደርስ፤ ጨው ታበዛለች።

ከእጇ ውጭ የሆነ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ታናሽ እህቷ ኢንሳፍ።

ኢንሳፍ ከቦዩ ማዶ ነው የምትኖረው፤ ዶሮዋ ሲጮህ እዚህ ይሰማል። በዚያ አገር፣ በግብፅ ከሚኒያ ከተማ በታች ባሉት መንደሮች፣ የቅርብ ዘመድ ሲሞት ሴቶች ፊታቸውንና እጃቸውን ሰማያዊ ቀለም ተቀብተው፣ መሬት ላይ ተቀምጠው ደረት ይመታሉ። እናታቸው የሞተች ጊዜ ኢንሳፍ እስከ ክንዷ ተቀብታ አፈር ላይ ተንከባለለች። ለቢባ ማጀት ነበረች። አገር ምድሩ ለቅሶ መጥቷል፤ አገር ምድሩ ደግሞ ይበላል። ትሪውን ተሸክማ ዓይኗ ቀልቶ ብቅ ስትል ኢንሳፍ በዚያ ሁሉ ሴት ፊት ጮኸችባት።

«እዩልኝ! ይኼ እኮ የሽንኩርት እንባ ነው! ለእናቷ አንዲት ጠብታ የላትም! አንቺም ስትሞቺ ቀለም አልቀባልሽም፤ እግሬም ከደጅሽ አይደርስ!»

ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ገበያ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሁለቱም የሚሰድቡት አህያቸውን ነው። «ሂድ፣ አንተ ልበ ድንጋይ!» ትላለች ኢንሳፍ። «ሂድ፣ አንተ ጩኸት ብቻ!» ትላለች ለቢባ። አህዮቹ ለምደውታል።

ለቢባ በዕድሜዋ ሁሉ አልቅሳ አታውቅም ይባላል። እውነትም ይመስላል። ልጅ ሆና ተዳረች፣ ሦስት ወንዶች አሳደገች፣ ሦስቱም ካይሮ ገቡ፣ እሷ ከዝይዎቿ ጋር ቀረች። ማልቀስ ጊዜ ይፈልጋል፤ እሷ ቤት ደግሞ ሁልጊዜ እሳት ላይ የተጣደ ነገር አለ። አሁን ግን አርጅታ ቀብሯን ስታስበው፣ እህቷ ያልተቀባችለት ሬሳ በመንደሩ መካከል ሲያልፍ ይታያትና እንቅልፍ ይነሳታል። ቢያንስ ሙሾው እውነቱን ይናገርልኝ አለች። ስለዚህ አንድ ከሰዓት በኋላ አልቃሿን ሳቢሃን አስጠራች።

«ማን ሞተ?» አለች ሳቢሃ፣ ገና ከበሩ ነጠላዋን እያዘቀዘቀች።

«እኔ።»

«እንዴት?»

«ገና ነኝ። ግን ሙሾዬን አስቀድሜ ልስማው ብዬ ነው።»

«እትዬ ለቢባ፣ ሬሳ በሌለበት ቤት ሙሾ ማውረድ እኮ ሟርት ነው!»

«ሬሳው ይኸው ፊትሽ ተቀምጧል፤ ትንሽ ዘገየ እንጂ። ያቺን ዝይ አየሻት? ያንቺ ናት።»

ሳቢሃ ዝይዋን አየቻት። ወፍራም ናት። «እንግዲያው በሩን ዝጊው» አለችና ቀስ ብላ ጀመረች።

«ቁመቷ ዘንባባ፣ በደጇ ያጠላ...»

«ቆይ ቆይ! እኔ ነኝ ዘንባባ? ተምር የማወርደው እኮ በርጩማ ላይ ቆሜ ነው!»

«እጇ የማይሰስት፣ ለጎረቤት ሁሉ...»

«ተይው፣ የፋኑስ ሚስት ትስቃለች። እንቁላል ስሰጣት ትንሽ ትንሹን መርጬ ነው።»

«ታዲያ ምን ልበል? ሟች ሁሉ ዘንባባ ነው፣ ሟች ሁሉ ለጋስ ነው!»

ለቢባ የዱባ ፍሬዋን ቆርጠም አድርጋ በእናቷ ለቅሶ ቀን ማጀት ስለሆነው ነገረቻት። ሳቢሃ ጥቂት አጉረመረመችና በሹክሹክታ አወረደችው።

«አልሰማም» አለች ለቢባ። «ጆሮዬ እኮ አርጅቷል።»

«ሙሾም በሹክሹክታ አይሆንም» አለች ሳቢሃ። ተነሥታ ወገቧን ታጠቀችና በሙሉ ድምፅዋ ለቀቀችው።

«ሰው ደረት ሲመታ ከደጅ ተሰብስቦ፣
ማን ያበላው ነበር ለቀስተኛ ተርቦ፤
ሽንኩርት ነው ያላችሁት ያ ሁሉ እንባ፣
የእናቷ ነበረ፣ ወይኔ ለቢባ!»

«ይኼኛው ጥሩ ነው» አለች ለቢባ። «እስቲ ድገሚው።»

ሳቢሃ ደገመችው። ለሦስተኛ ጊዜ ስታወርደው የፋኑስ ሚስት ጣሪያዋ ላይ ወጥታ እሪ ብላ ነበር። በዚያ መንደር የሳቢሃን ድምፅ ከስም ጋር የሰማ ሰው ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም። እሪታው ቦዩን ተሻገረ።

በሩ ሲበረገድ ሳቢሃ አሁንም እየደጋገመች «ወይኔ ለቢባ» ላይ ነበረች። ኢንሳፍ ቆማለች፤ ባዶ እግሯን፣ ራሷን ተገልጣ፣ ከግንባሯ እስከ ክርኗ ሰማያዊ። ዝይዋ ጮኸች።

«አንቺ!» አለች ኢንሳፍ። «ሞተሽ ነው ቁጭ ብለሽ ፍሬ የምትቆረጥሚው?»

ለቢባ የምታየው ቀለሙን ብቻ ነው። «ተቀብተሻል» አለች።

«ማን? እኔ? ልብስ ሳቀልም ፈንጥቆብኝ ነው!»

«ግንባርሽንም?»

«ግንባሬን ዝንብ አሳክኮኝ ነዋ!»

ወዲያው ግቢው በሰው ሞላ። ጎረቤቱ ሁሉ እንደ ወጉ የምግብ ትሪውን በራሱ ላይ ተሸክሞ መጣ። ሟቿን በሕይወት ሲያገኛት ጥቂት ሰደባትና ትሪውን መልሶ መውሰዱ ነውር ስለሆነ ተቀመጠ። የፋኑስ ሚስት ምስሩን ቀድማ አድርሳለች። ያው እንደተፈራው ጨው ብቻ ነው።

ለቢባ እንደ ልማዷ ብድግ ብላ ወደ ማጀት ስታመራ ኢንሳፍ በቀሚሷ ጎትታ አስቀመጠቻት።

«ቁጭ በይ! ዛሬ ሟቿ አንቺ ነሽ። የት አገር ነው ሬሳ የሚያስተናግደው?»

ለቢባ ተቀመጠች። እሳት ላይ የጣደችው ነገር የለም፤ የምትነሣበትም ምክንያት የለም። ለእናቷ፣ ለሸሃታ፣ ካይሮ ለቀሩት ልጆቿ፣ የሁሉንም አንድ ላይ አለቀሰችው። ሳቢሃ ሥራዋ ስለሆነ አጀበቻት። በመሃል ለቢባ ዓይኗን ጠርጋ፣ «ምስሩን ውሃ ጨምሩበት» አለችና ቀጠለች።

ኢንሳፍ ማጀት ገብታ ሽንኩርት መክተፍ ያዘች። ትሪውን ይዛ ስትወጣ ከሰማያዊው ፊቷ ላይ ከዓይኗ እስከ አገጯ ሁለት መስመር ነጥቶ ይታይ ነበር።

ለቢባ ቀና ብላ አየቻት።

«ምን ታዪኛለሽ?» አለች ኢንሳፍ። «ሽንኩርቱ ነው።»