«ልቀቁ» የሚባለው ጨዋታ

የዚያን ቀን በእስር ክፍሏ ውስጥ የነበርነው ከገዳም የመጡ አንዲት እማሆይ፣ የሁለት ልጆች እናት የሆነች የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከጎርጎራ የመጣች የኮሌጅ ተማሪና እኔ ነን። ከበሩ ውጭ አንድ ጠባቂ ነበር። ስም አልጽፍም፤ ሰው እንዳይጎዳብኝ እፈራለሁ።

እኔን የያዙኝ ግሽ አባይ ሰፈር ካለው ቤቴ ነው። የመጡት ለትልቁ ልጄ ነበር። ሲያጡት «እሱ እስኪመጣ አንቺ ትቆያለሽ» አሉኝ። ነጠላዬን እንኳ የደረብሁት መኪናው ላይ ነው። ክፍሏ ሐይቅ ዳር ስላለች እርጥበት የሚገባባት፣ ግድግዳዋ የሚያልብ ነበረች። ወለሉ ላይ በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል የተሠራ ምንጣፍ ተነጥፏል።

ተማሪዋ ከምርመራ ከተመለሰች ወዲህ እህል አልቀመሰችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች። ብንለምናት አልሰማ አለች። እጃችን ላይ እንዳትሞት ሰጋሁ። እኔ ትምህርቴን ያቆምሁት አራተኛ ክፍል ነው፤ የምመክርበት ቃል አጣሁ። ከምንጣፉ ጫፍ አራት የደንገል አገዳ መዘዝሁ።

«ተነሽ እስቲ፣ አንድ ሰው ጎድሎናል» አልኋት።

ጨዋታውን ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር እሑድ እሑድ ሐይቁ ዳር እንጫወተው ነበር። ሁሉም ክብ ሠርቶ ዱላውን መሬት ላይ ቀጥ አድርጎ ይይዛል። አንዱ «ልቀቁ!» ሲል ሁሉም የራሱን ለቅቆ የቀኝ ጎረቤቱን ዱላ ሳይወድቅ ይቀልባል። ሲለመድ ወደ ላይ እየወረወሩ መቀባበል ነው። የአንዱ ከወደቀ ሁሉም ተሸነፈ።

እማሆይ «በዚህ ቆቤ ዱላ ልወርውር?» ብለው እምቢ አሉ። ሠራተኛዋ የመጀመሪያውን ጣለች፣ ሁለተኛውንም ጣለች።

«አንቺን ፋብሪካው እንዴት ቀጠረሽ?» አለች ተማሪዋ እንደተኛች። ከዚያ ተነሣች። እየለመድነው ስንሄድ «ልቀቁ!» እያለች የምትጮኸው እሷ ሆነች።

በሩ ተበርግዶ ተከፈተ።

«ልቀቁ ያለችው ማናት? መፈክር ጀመራችሁ?» አለ ጠባቂው።

ተማሪዋ አገዳዋን እንደያዘች ደረቀች። የጮኸችው እሷ መሆኗን ካወቀ ወደዚያ ምርመራ ይመልሳታል።

«እኔ ነኝ ልጄ» አልሁ። «ጨዋታ ነው። ዱላውን ልቀቁ ማለት ነው።»

«እንግዲያው ‹ያዙ› በይ!»

እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። «መያዙንማ እናንተ ትችሉበታላችሁ። የእኛ ጨዋታ ልቀቁ ነው።»

ሠራተኛዋ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ጠባቂው አገዳዎቹን ነጥቆ ጉልበቱ ላይ ሰባበራቸውና በሩን ዘጋ። ቁልፉ ዞሮ ሳያበቃ እማሆይ ተነሡ። መቁጠሪያቸውን አንገታቸው ላይ አደረጉ፣ ዱላ እንደያዘ ሰው ባዶ እጃቸውን ጨበጡ።

«ልቀቁ!» አሉ፣ ውጭ ድረስ በሚሰማ ድምፅ።

አራታችንም ባዶ እጃችንን ለቅቀን ወደ ቀኝ ዞርን። የማንም አልወደቀም። ያን ቀን ተማሪዋ ከእኔ ሳሕን ምሳ በላች።

በማግሥቱ ወሰዷት። ለምን እንደሆነ አልነገሩንም። እኔን በኋላ ያለ አንድ ቃል ፈቱኝ፤ ልጄም ቤቱ ገብቷል። ከተፈታሁ በኋላ ከልጆቼ ጋር ቤት ስንጫወት፣ መጀመሪያ ላይ ጎረቤት ይሰማል ብዬ ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር። አሁን ትቼዋለሁ፤ እጮኻለሁ።

ያች ተማሪ ረጅም፣ ጠይም፣ ስትስቅ እጇን ግንባሯ ላይ የምታደርግ ናት። ቤተሰቦቿ ጎርጎራ ወደቡ አጠገብ ዓሣ ይነግዳሉ ብላኝ ነበር። ያያት ወይም ስለ እሷ የሰማ ሰው ካለ፣ የት እንዳለች ይንገረኝ።