ሚኒባሷ አራስ ሳለች

አገሬ አሰላ ነው፤ ደባርቅ ያመጣኝ ትዳር ነው። እዚህ ሚኒባስ እየነዳሁ እኖራለሁ። አዲስ ሞተር ያስገጠምኩላት ጊዜ መካኒኩ «ሮዳጅ ላይ ናት፤ ሞተሩ እስኪላመድ አታሯሩጫት፣ ጭነትም አታብዢባት» አለኝ። ቤታችን የሚበላው ከእሷ ነውና እንደ አራስ ያዝኳት። ጠዋት አማትቤ አስነሳና ሞተሩን ሳላስጮኽ አወጣታለሁ። ከዳባት ደባርቅ ስመላለስ ትርፍ ሰው አልጭንም፤ ባጃጅ ሳይቀር ይቀድመኛል።

አንድ ቀን ለገበያ የተሳፈሩ ሽማግሌ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ልጄ፣ በእግሬ ብመጣ እስካሁን ሸጬ በተመለስኩ!»

«አራስ ናት አባቴ፤ እስክትጠና ይታገሷት።»

«ገንፎዋን ታዲያ ማን በላው?» ሲሉ ተሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ነዳጁን ግን አልረገጥኩም።

ሮዳጅዋን ስትጨርስ ዘይቷን ቀይሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ዛሪማ ወረድኩ። ስመለስ እኚያው ሽማግሌ ተሳፈሩ። ሊማሊሞ ዳገት ላይ ሌሎች መኪኖች ውኃቸው ፈልቶ ቆመዋል፤ የእኔዋ የሙቀት መለኪያዋ ንቅንቅ ሳይል ሙሉ ሰው ጭና ደባርቅ ገባች። ሽማግሌው ወርደው ፊቷን መታ መታ አደረጉና «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አሏት።

ኩራቴን መደበቅ አልቻልኩም፤ ስለ እሷ ሆኜ «አሜን» አልኩ።