ጀርመን የተባለው የማንኪራ ውሻ

ጋሽ ልዑልቃል ደክሟቸዋል። ድካማቸው የዛሬ ብቻ አይደለም፤ ሰው ሲተኛ ነቅቶ የኖረ ሰው ድካም ነው፣ እንቅልፍ አያወጣውም። ቦንጋ ውስጥ የአብዱልሰመድን የቡና መጋዘን ይጠብቃሉ። ጉልበታቸው ከከዳቸው ሰንብቷል፤ ዓይናቸውም ከመሸ ሰውን ከግንድ አይለይም። ይህ ሁሉ ጎረምሳ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ እሳቸው እንዴት ዘበኛ ሆነው ቀሩ? ትሉ ይሆናል። በውሻው ነዋ!

ውሻውን በቡችላነቱ ያመጡት ከማንኪራ፣ ጫካ ውስጥ ቀፎ ከሚሰቅሉ ዘመዶቻቸው ዘንድ ነው። እናቱ ጦጣ የምታባርር ተራ የገጠር ውሻ ነች። አባቱን እንጃ። መንገድ ሊሠሩ የመጡ ሰዎች ካምፕ ውስጥ አንድ ትልቅ የፈረንጅ ውሻ ነበር ይባላል፤ የሆነውን የሚያውቀው ጫካው ነው። ቡችላው ሲያድግ ጆሮው ቆመ፣ ጀርባው ጠቆረ፤ ጅራቱ ግን እንደ እናቱ ተጠቅልሎ ቀረ። ጋሽ ልዑልቃል ጆሮውን ብቻ አዩና ስሙን ጀርመን አሉት። ለመጣ ለሄደው ሁሉ "ንጹሕ ጀርመን ነው፤ ከያዘ አይለቅም" ይሉ ነበር። በእኛ ሰፈር ሌባ ከውሻው ይልቅ ወሬውን ይፈራል። ወሬው አብዱልሰመድ ጆሮ ደረሰና "ከነውሻዎ ይምጡልኝ" አላቸው። እሱ ራሱ ውሻ አይነካም፣ ሲያልፍም ልብሱን ሰብስቦ ነው፤ ለጥበቃ ሲሆን ግን ነውር የለውም ይላል።

ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ጋሽ ልዑልቃል ቤት ሌላ ሰው የለም። ሲነጋ ውሻው ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ ሆነው ወደ ቤት ይሄዳሉ። እሳቸው ሲተኙ እሱ ደጃፉ ላይ ይጋደማል። ሌላ ኑሮ የላቸውም።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ዘንድሮ ከአንዱ ግቢ ያመለጠ የፈረንጅ ውሻ ተማሪ ነከሰና የሰፈሩ ኮሚቴ ተሰበሰበ። የሐበሻ ውሻ ተከትቦ እንደ ልቡ ይኑር፤ የውጭ ዝርያ ግን መኖሪያ ቤት አይቀመጥ፣ በድርጅት ግቢ ብቻ ቀን ከሌት በሰንሰለት ታስሮ ይዋል፣ ከበር አይውጣ ተባለ።

"የእርስዎማ ምን ያጠያይቃል?" አሏቸው ሊቀ መንበሩ ግዛቸው። "ጀርመን ነው ሲሉን የኖሩት ራስዎ አይደሉ?"

"ኧረ የማንኪራ ነው! እናቱን አውቃታለሁ።"

ማን ይመናቸው? ጋሽ ልዑልቃል ቢቸግራቸው ሐኪም ይየው አሉ።

ኮሚቴው መጋዘኑ ግቢ ሊመጣ ሲል አብዱልሰመድ ጠጋ አላቸው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ነጋዴ ነው። "ጋሽ ልዑልቃል፣ አይቀየሙኝ። ሌባው የሚፈራው ጀርመኑን ነው። ሐበሻ ከሆነማ ጎረምሳ ብቀጥር ይሻለኛል" አለ። እውነቱን ነው። በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥራቸዋል?

የእንስሳት ሐኪሟ ሃሌሉያ የውሻውን ጥርስ አየች፣ ጆሮውን ዳበሰች፣ የተጠቀለለውን ጅራት ዘርግታ ለቀቀችው። ውሻው እጇን ላሰ።

"ቅልቅል ነው" አለች። "የየትኛው ደም እንደሚበዛ በዓይን አይታወቅም። አውቃለሁ ብል እዋሻለሁ።"

"ታዲያ ምን ይሁን?" አሉ ግዛቸው ተሰላችተው።

"ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ይናገሩ። ጋሽ ልዑልቃል፣ ምን ልበል?"

ሁሉም ዞረው አዩዋቸው። አብዱልሰመድም ከመጋዘኑ በር ላይ ያያል። ሐበሻ ነው ቢሉ ውሻው ነጻ ነው፣ እሳቸው ግን እንጀራ የላቸውም። ጋሽ ልዑልቃል ውሻውን ሊያዩት አልቻሉም፣ መሬት መሬት አዩ። ለመከራከርም፣ ለመራብም ጉልበት አልቀራቸውም።

"ጀርመን ነው" አሉ።

ሰንሰለቱን አብዱልሰመድ ራሱ ገዛ። ጥሩ ሰንሰለት ነው፣ አይዝግም።

በማግስቱ ሲነጋ ጋሽ ልዑልቃል ዱላቸውን አነሡ። ውሻው እንደ ልማዱ ብድግ ብሎ ከፊት ሊቀድም ሮጠ፤ ሰንሰለቱ አንገቱን ይዞ መለሰው። አልጮኸም። ያልገባው ነገር እንዳለ ሁሉ አንድ ጊዜ በሩን፣ አንድ ጊዜ እሳቸውን ያያል። ጋሽ ልዑልቃል እስከ በሩ ሄደው ቆሙ፤ ወጥተው የትም ሊሄዱ አልቻሉም። ተመለሱና አጠገቡ ተቀመጡ፣ ጋቢያቸውንም ተከናንበው እዚያው ተኙ። በነጋታውም እንዲሁ፤ ከዚያ ወዲያ ቤታቸው ተዘግቶ ቀረ።

አብዱልሰመድ ደስ አለው። ቀንም የሚጠብቅ ዘበኛ አገኘ።