ለጉልበቴ ዝቅ ያለችው መኪና

የእህቴ ልጅ በኬንያዋ ሞያሌና ጎልቦ በሚባለው ቆላ መካከል ሰው ያመላልሳል። እናቱ ከሞተች ጀምሮ እኔ ነኝ ያሳደግኩት፤ እማዬ ነው የሚለኝ፣ እኔም ልጄ ነው የምለው። መኪናው አሮጌ ናት። ለዚያ መንገድ ሲል ረጃጅም ሞላ አስገጥሞላት ስለነበር ከሌሎቹ በላይ ቆማ ትታይ ነበር። ዝናብ የቆረጠውን መንገድና የደረቁን ወንዝ አሸዋ ሆዷ ሳይነካ ታልፈዋለች፤ መንገደኞቹም የሚመርጧት ለዚህ ነው።

እኔ ግን መሳፈር አቃተኝ። ግራ ጉልበቴ ካበጠ ወዲህ እግሬ አልነሳልሽ አለኝ። አንድ ቀን ከክሊኒክ ስንመለስ፣ ገበያው መሃል፣ ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች እያዩ፣ በሁለት ክንዱ አንስቶ እንደ ጆንያ ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ።

ብዙም ሳይቆይ ከናይሮቢ በአውቶቡስ የመጣ ካርቶን ይዞ ገባ። ውስጡ ከየጎማው በላይ የሚገጠሙ አራት አዳዲስ ሾኮች ከነሞላቸው ነበሩ። እንደ ብሎን ጥርስ አላቸው፤ በጥርሱ ላይ የሚዞር ቀለበት አለ። ቀለበቱን ወደ ላይ ሲያዞሩት መኪናዋ ከፍ፣ ወደ ታች ሲያዞሩት ዝቅ ትላለች። «አሮጌዎቹ ደክመው ነው» አለኝ። አመንኩት፤ ወይም ላለመጠየቅ ስል ያመንኩ መሰልኩ።

ሾኮቹን የገጠመው ኦዳ ሰፈር የሚኖር መካኒክ ነው፤ እኛ አገር ፉንዲ እንለዋለን። ጋራዥ የለውም፣ ዕቃውን በቦዳቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ጭኖ ቤት ድረስ ይመጣል። የቦረና ልጅ ነው። አማርኛን የለመደው ገበያ ላይ ስለሆነ ሴትና ወንድ አይለይም፤ ሲያሻው አንቺ፣ ሲያሻው አንተ ይለኛል። እኔም ለምጄዋለሁ።

ግቢያችን ሲሚንቶ ስለሆነ እሱና ልጄ እዚያው ሠሩ። መግጠሙ ረፋድ ላይ አለቀ። ቀኑን የበላው ማስተካከሉ ነው። ከክሪክ አውርደው ሲያዩዋት የፊት ግራዋ ወደ መሬት ደፋ ብሏል።

«ማማ፣ ና እይ። መኪናህ እጅ እየነሳችህ ነው» አለኝ ፉንዲው።

«ለሷ ያልነሳች ለማን ልትነሳ ነው?» አለ ልጄ ከስር ሆኖ።

መጀመሪያ የለኩት በጣት ነበር። ፉንዲው በቀኝ፣ ልጄ በግራ ሆነው በጎማውና ከላዩ ባለው ፓራፋንጎ መካከል ጣታቸውን ያስገባሉ። «ሦስት ጣት» ይላል አንዱ። «እዚህም ሦስት» ይላል ሌላው። እኔ ከፊት ለፊት ቆሜ ሳያት ግን ጋደድ ብላለች።

«ያንተ ጣት እኮ ሙዝ ነው» አለው ልጄ።

«ያንተ ደግሞ ከስልክ ሌላ ነገር ነክቶ አያውቅም።»

የልብስ መለኪያ ሜትሬን አምጥቼ ሰጠኋቸው። ፉንዲው ወለሉ ላይ ውሃ አፍስሶ ወዴት እንደሚሄድ አየ። ወደ በሩ ፈሰሰ። በዚያ በኩል ካሉት ጎማዎች ስር የወለል ሸክላ ስባሪ አነጠፈ። ከዚያ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ይለካሉ፣ ቀለበት ያዞራሉ፣ ሞላው እንዲረጋ መኪናዋን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፏታል፣ እንደገና ይለካሉ። አንዱን ጥግ ሲነኩ ክብደቱ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ የፊቱ ሲስተካከል የኋላው ይበላሻል።

«ባዶዋን ብትለካ ዋጋ የለውም» አለ ፉንዲው። «ሾፌር ሲገባ ታጋድላለች። ሰው ይግባ።»

ልጄ ከስር ስለሚያስፈልግ የሾፌሩ ወንበር ላይ እኔ እንድቀመጥ ተባልኩ። «ክብደታችሁ አንድ ነው» አለ ፉንዲው። ዝቅ ብላ ስለነበር ያለ ችግር ገባሁ። መሪ ፊት ተቀምጬ አላውቅም። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጸጥ አልኩ። ሁለቱም መሬት ላይ ተኝተው መኖሬን የረሱት መሰለኝ። መስኮቱ ክፍት ነበር።

«እስቲ ንገረኝ» አለ ፉንዲው ድምፁን ቀነስ አድርጎ። «ይህን ያህል አውርደሃት የጎልቦን ወንዝ እንዴት ታልፋለህ?»

«አላልፍም። ከተማ ውስጥ እሠራለሁ።»

«ቦዳቦዳ እያለ ከተማ ውስጥ ማን ይሳፈርሃል?»

የልጄ መፍቻ ሲንኳኳ ሰማሁ።

«ለማማ ነው?»

«ቀለበቱን አዙር» አለው።

የቤታችን ኪራይም የእኔ መድኃኒትም የሚወጣው ከጎልቦ መንገድ ነው። ከዚያ ወንበር መውረድ ፈለግሁ። ግን ከወረድኩ ልኬቱ ይበላሽባቸዋል። ስለዚህ ተቀመጥኩ።

የተናገርኩት ግራና ቀኙ ተስማምቶ ፉንዲው «ሳዋ፣ እሺ፣ አለቀ» ካለ በኋላ ነው።

«ከፍ አድርጓት» አልኩ።

ልጄ ራሱን ከስር አወጣ። ግንባሩ ግራሶ ነክቶታል። «ምን አልሽ?»

«እንደ ድሮዋ ከፍ አድርጓት። ጉልበቴ ተሽሎኛል።»

«መቼ?»

«ሰሞኑን።»

ፉንዲው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየ። «ማማ፣ ቀኑን ሙሉ ስንለካ የት ነበርክ?»

«እላይህ ተቀምጬ» አልኩት። ልጄ ሳይወድ ሳቀ።

ከፍ አደረጓት፤ ልኬቱም እንደ አዲስ ተጀመረ። ሲጨርሱ ልጄ የተሳፋሪውን በር ከፍቶ ቆመ። መያዣውን ይዤ፣ ቀኝ እግሬን አስቀድሜ ወጣሁ። ጉልበቴ ውስጥ አንድ ነገር ከቦታው ሲንሸራተት ተሰማኝ። ድምፅ አላወጣሁም። ከተቀመጥኩ በኋላ «አየህ» አልኩት። በማግስቱ ጎልቦ ሄደ።

ይሁን እንጂ ክሊኒክ ቀጠሮ ነበረኝ፤ ነርሷ ለጉልበቴ መርፌ ትወጋኛለች። ልጄ ሳልጠይቀው በዋዜማው መኪናዋን ዝቅ አደረጋት። ከክሊኒክ መልሶኝ እንደገና ከፍ ሲያደርጋት ቀኑ አለፈበት። ብቻውን ስለሠራት ወደ አንድ ጎን ጋደለች፤ ጎልቦ ሲደርስ መንገደኞቹ ተሳለቁበት። ቀጣዩ ቀጠሮ ሲደርስ «ተራዝሟል» አልኩት። ከዚያ በኋላ ደግሞ «ከእንግዲህ አያስፈልግሽም ተብያለሁ» አልኩ። ጉልበቴን በጨርቅ አስሬ ቀሚሴን አወርዳለሁ። እሱ ሲገባ ተቀምጬ ያገኘኛል፤ የምነሳው ሲወጣ ነው።

ባለፈው ሳምንት ነርሷ ለክትባት ሥራ ጎልቦ ሄዳ ነበር። የሄደችውም የተመለሰችውም በልጄ መኪና ነው። አመሻሽ ላይ ገብቶ እጁን ታጠበና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ነርሷን ዛሬ ወስጄ መለስኳት» አለ።

«እሺ።»

«መንገዱን ሙሉ ስላንቺ ስትጠይቀኝ ነበር።»

ቀሚሴን በጉልበቴ ላይ ሳብኩ።

«ነገ ጠዋት ትጠብቅሻለች። አትመጣም ልበላት?»

«ነገ ገበያ ነው። ጎልቦ ሰው ይጠብቅሃል።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም፣ እማዬ።»

ተነስቼ ወደ ጓዳ ብገባ ደስ ባለኝ። ግን ከተነሳሁ ያያል። እዚያው ሆኜ «እመጣለሁ በላት» አልኩት።

ክሪኩን ይዞ ወደ ግቢ ወጣ። ለጎልቦ ደንበኞቹ በኦሮምኛ ሲደውል በመስኮቱ እሰማው ነበር። ነገ አልመጣም፣ ሌላ መኪና ፈልጉ አላቸው። ምክንያቱን ሳይጠይቁት አልቀሩም፤ «ሾኩ ነው፤ አዲስ ስለሆነ አስቸገረኝ» አለ። አንዱ ተቆጥቶት መሰለኝ፣ ደጋግሞ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከቶ ከመኪናዋ ስር ገባ።