ውሻ ፍለጋ የሄድን ዕለት

አባቴ ለክፉ ቀን የማይዘጋጅ ሰው፣ ሰው አይመስለውም ነበር። ቂርቆስ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባለችው ቤታችን ከበሩ ኋላ በሶ የሞላ ስልቻ ተሰቅሎ ይኖራል፤ ጣልያን ድንገት ቢያባርረን ይዘነው የምንሮጠው ነው። እንስራው ውሃ ጎድሎበት አያውቅም፤ ኩራዙም ከነክብሪቱ ቦታ ቦታውን ይዟል። እናቴ "ይሄ ሰውዬ ለሞቱም ስንቅ ሳይቋጥር አይቀርም" እያለች ትስቅበት ነበር። አስተማሪ ነበር፤ ትምህርት ቤቱን ጣልያን ስለዘጋው ጊዜውን ሁሉ ለዝግጅት ሰጠው። ውሻው እኛ ዘንድ ሲመጣ ታዲያ ለእሱም መዘጋጀት ጀመረ።

ውሻው የእኛ አልነበረም። አባቴ ያስተማረው አንድ ወጣት ከየካቲቱ እልቂት በኋላ ወደ ዱር ሲወጣ "መንገድ ላይ ይጮህና ያስይዘኛል" ብሎ በአደራ የተወው ነው። እናቱ ዘንድ እንዳይተወው የሰፈራቸው ጆሮ ጠቢ ሁሉ ውሻውን ያውቀዋል፤ ልጁንና ውሻውን ለይቶ ያየ የለም። ለእናቱ መውጣቱን እንዳይነግራትም አባቴን በመስቀል አስምሎት ሄደ። ካወቀች ወይ ትከተለኛለች፣ ወይ ይዘው ሲመረምሯት ታወጣለች ብሎ ፈርቶ ነው።

በዚያን ጊዜ ባለቤት የሌለው ውሻ እንዲያልቅ መርዝ ያለበት ሥጋ በየመንገዱ ይጣል ነበር፤ የሚጣለውም በማለዳ ነው። አባቴ ውሻው ከእጅ እንጂ ከመሬት እንዳይበላ አለማመደው። ካሮጌ ቀበቶው የአንገት ማሰሪያ ሠራለት። ድንገት ቢጠፋ እኔ በለገሃር በኩል፣ እናቴ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ እንድንፈልገው አስጠናን። ከሁሉ በፊት ግን ወደ ድሮ ቤቱ መሄድ ነው፣ ውሻ ቤቱን አይረሳም ይል ነበር። ይህን ሁሉ ያሰበ ሰው አንዲት ነገር ሳያስብ ቀረ። እኔም አላሰብኳትም፤ ያውም ፊደል የቆጠርኩ፣ ከእኔ ወዲያ አዋቂ የለም የምል የአሥራ ሰባት ዓመት ኮረዳ ነበርኩ።

ግንቦት ላይ ውሻው ገመዱን በጥርሱ በጥሶ ጠፋ። ሰዓት እላፊ ስለነበር ማታውን መውጣት አልተቻለም። ጎህ ሲቀድ አባቴ እኔንና አንድ አዛውንት ጎረቤታችንን ይዞ ወጣ፤ ሽማግሌውን ያስከተለው የውሻ አያያዝ ስለሚያውቁ ነው። እሱ ለብርዱ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል፣ ሽማግሌው በትራቸውን ይዘዋል፣ እኔ ነጠላዬን ደርቤያለሁ። የልጁ እናት ቤት ዛሬ ካዛንቺስ በሚባለው በኩል ነበር፤ ያኔ ስሙ ገና አልወጣለትም። መርዙ ሳይጣል ለመድረስ እየተጣደፍን ሄድን።

ሰው እንዴት እንዲህ ይደነቁራል? ልጇ የጠፋባት ሴት ደጅ፣ በጎህ፣ ሦስት ሰው ሽማግሌ ይዞ ይሄዳል? በአገራችን መርዶ የሚነገረው በዚያ ሰዓትና በዚያ አኳኋን መሆኑን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።

በሩን ከፍታ አየችን። አንድ ቃል ሳንተነፍስ እጇን ራሷ ላይ ጭና "ልጄን" ብላ ጮኸች። መሬት ላይ ወድቃ ደረቷን ትደቃ ጀመር። አባቴ ሊያነሳት ጎንበስ አለ። ዝም ማለት ያቃተኝ እኔ ነኝ።

"እትዬ፣ ኧረ እኛ የመጣነው ለውሻው ነው" አልኳት።

ጩኸቷ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ።

ውሻው ከጓዳ ብቅ አለ። ውሻ ቤት አይገባም በሚባልበት አገር የልጇ መኝታ ላይ አስተኝታው ነው ያደረችው። ልጇና ውሻው በአንድ ቀን ስለጠፉ፣ መንገድ ላይ የተገደለ ሰው ውሻውን ይዞ አይሄድም፣ ልጄ በእግሩ ነው የወጣው እያለች ስትጽናና ከርማለች። ማታ ውሻው በሯን ሲቧጭር ጊዜ ልጄ ከኋላው እየመጣ ነው ብላ ወጥ ሠርታ፣ ልብሷን ሳታወልቅ ስትጠብቀው አነጋች። እኛ መጀመሪያ ገደልንባት፣ ቀጥለን ደግሞ ውሻው የጠፋው ከእኛ ቤት ነው ብለን እንደማይመጣ ነገርናት።

አባቴ መሐላውን እዚያው አፈረሰ። ተንበርክኮ፣ ልጇ በሕይወት ወደ ዱር እንደወጣና ውሻውን በእጁ እንደሰጠው በጆሮዋ ነገራት። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጩኸቷን የሰማ ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ገና ከመንገዱ እያለቀሰ ወደ ግቢው መጉረፍ ጀመረ። ምን ትበላቸው? የውሻ ነገር ነው ብትል ውሻው የማን እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ከመካከላቸውም ለጣልያን ወሬ የሚያቀብል አይጠፋም። ሽማግሌው የውሻውን አፍ አፍነው በጓሮ ይዘውት ወጡ። እሷ አባቴን አንድ ጊዜ አየችውና ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደገና ጮኸች። ልጄ በየካቲት ተገድሎ ኖሯል፣ እነዚህ ናቸው ያረዱኝ አለች።

መርዶ ነጋሪ ሆነን ቁጭ አልን። ሰዉ የት ሞተ፣ መቼ ሞተ እያለ ይጠይቃል፤ ስንቱን ተማሪ ዋሸህ ብሎ የገረፈ አባቴ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ይዋሻል። አስለቃሿ የልጁን ቁመና እያነሳች ስታስለቅስ እኔ እንባ እምቢ አለኝና ዓይኔን በነጠላዬ አሸሁት። በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው፤ እናት ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ትፈራለች። በለቅሶው መካከል የልጁ እናት ጠጋ ብላ እጄን ያዘችኝ።

"በአፌ ሞተ እላለሁ፣ በሆዴ አልሞተም እላለሁ። እግዜር የትኛውን ይሰማኝ ይሆን?" አለችኝ።

አፈርኩ። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ሰው እንጨት ሻጭ መስሎ ከዱር ወደ አባቴ መጣ። ልጁ ሞቷል። እውነተኛውን መርዶ ይዘን የሄድነው ጎረቤት እንዳይጠረጥር እኔና አባቴ ብቻ፣ በቀትር፣ እንደ ተራ እንግዳ ነበር። ስትሰማ አልጮኸችም። ሰፈሩ አልቅሶለታል፣ ተዝካሩንም በልቶለታል፤ አሁን ብትጮህ ለማን ነው ይባላል። ተነሥታ በሩን ዘጋችና የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከተተች። አባቴ አንድ እጇን ያዘ፣ እኔ አንዱን ያዝኩ፤ በመንገድ የሚያልፍ ሰው እንዳይሰማን ሦስታችንም ድምፃችንን አፍነን አለቀስን።