ጋሼ ጀማነህ ከመኪና ሳይወርዱ የመረጡበት ቀን

ፋንቱ ኢስተን በሚባለው የኮሎምበስ ሰፈር ካለው ሆቴል የክፍል ጽዳት ሥራዋ ፈቃድ የጠየቀችው ከወር በፊት ነበር። ሱፐርቫይዘሯ «ዶክተር ጋ ልትሄጂ ነው?» ስትላት «አይ፣ ምርጫ ላስፈጽም ነው» አለቻት። ሴትዮዋ ሳቀች፤ ፋንቱ ግን የምሯን ነበር። አዲስ አበባ ሳለች አሥራ ዘጠኝ ዓመት የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠርታለች። ስም አጣርቶ መጻፍ፣ ፊርማ ማየት፣ ወረፋ የሰለቸውን ሰው ማባበል የኖረችበት ሥራ ነው። ዲቪ ደርሷት ኮሎምበስ ከመጣች በኋላ ይህን ሙያዋን የሚፈልግ ሰው ያገኘችው በ2020 ነው። ያኔ በኮቪድ ምክንያት አስፈጻሚ ጠፍቶ ነበርና ዜግነቷን ባገኘች በዓመቱ ተመዘገበች።

በኖቬምበር 2022 የደረሳት ጣቢያ ብሌንደን ታውንሺፕ በሚባል አካባቢ ያለ የአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነበር። አጠገቧ የተቀመጠው ሊዮን የሚባል ጡረተኛ ነው። እሱ በሪፐብሊካን፣ እሷ በዴሞክራት በኩል ተመድበዋል። ሊዮን ዝምተኛ ስለሆነ «እስክሪብቶ አለ?» ከመባባል ያለፈ ወሬ አልነበራቸውም። የኮንግረስ ምርጫ ወረዳዎች ካርታ በዚያ ዓመት ተቀይሮ ነበርና «የኔ ሰውዬ ስም የታለ?» እያለ የሚያጉረመርመው መራጭ ግን ብዙ ነበር።

ረፋድ ላይ አንዲት ወጣት እየተጣደፈች ገባች። አባቷ ከመኪና መውረድ እንደማይችሉ ተናገረች። ፋንቱ ወዲያው ለየቻት፤ ሰምሀል ናት፣ የባለታክሲው የጋሼ ጀማነህ ልጅ።

እንዲህ ሲሆን ከሁለቱም ፓርቲ የተመደቡ ሁለት ሰዎች የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ይዘው ወደ መኪናው ይወጣሉ። ፋንቱና ሊዮን አብረው ወጡ።

ጋሼ ጀማነህ ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ተቀምጠዋል። ስትሮክ ከመታቸው ዓመት አልፏቸዋል፤ ቀኝ ጎናቸውንና ንግግራቸውን ወስዶባቸዋል። ፋንቱን ሲያዩ በግራ እጃቸው ክንዷን ያዙ፤ ቶሎም አልለቀቁም።

ሊዮን መንጃ ፈቃዳቸውን አይቶ ፊርማ ጠየቀ። ጋሼ በግራ እጃቸው ሞከሩ፤ የወጣው የተንጋደደ መስመር ነው።

«ይሄማ ከመዝገቡ ጋር አይመሳሰልም» አለ ሊዮን።

ፋንቱ ልትከራከረው ዞረች። ሊዮን ግን መመሪያውን ከኪሱ አውጥቶ ገለጠ፤ ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈ። «መፈረም የማይችል ሰው ምልክት ያደርጋል፤ ምስክር ይፈርምለታል። እኔ እፈርማለሁ» አለ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ባለቤቴም እንዲህ ሆና ነበር» ሲል ጨመረ።

ወረቀቱ ጋሼ ጉልበት ላይ ተዘረጋ። ሰምሀል ሰዓቷን አየች። ለሥራ ረፍዶባታል። «ዳድ፣ እኔ ልሙላልህ፤ ይፈጥናል» አለች። ጋሼ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ።

«ሰምዬ፣ እሳቸው ካሉሽ ትረጃቸዋለሽ። ካላሉ ግን ይተዉ» አለቻት ፋንቱ። ሦስቱም ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

ከኋላቸው የእስክሪብቶው ጭረት ይሰማል። ቆየት ብሎ አንድ የታፈነ ድምፅ ሰሙ። ፋንቱ ዞር ስትል እስክሪብቶው አምልጧቸው ሁለት ተወዳዳሪዎችን አንድ ላይ ሰርዞ አየች። የጋሼ ዓይን እንባ አቅርሯል።

«አይዞዎት ጋሼ። ሌላ ይሰጣል፤ ሰው ሁሉ ይበላሽበታል» አለች። የተበላሸውን ይዘው ገብተው፣ አስመዝግበው፣ በአዲስ ተመለሱ። ሊዮን አሁን ከመኪናው ወለል የእግር ምንጣፉን አንስቶ አጠፈና ከወረቀቱ ሥር አደረገላቸው። ግራ እጃቸው ረጋ አለ።

በዚህ መሀል ሰምሀል ፋንቱን ጠጋ ብላ «ዋይ ዳዝ ሂ ኬር ሶ ማች? ለምን እንዲህ ይጨነቅበታል?» አለቻት።

«አባትሽ ለኔ አስተማሪዬ ናቸው» አለች ፋንቱ። ለዜግነት ፈተና ስታጠና ክሊቭላንድ አቬኑ ከሚባለው መንገድ ጀምሮ ሆቴሉ በር ድረስ በታክሲያቸው እየወሰዱ ጥያቄ ያዘንቡባት ነበር። «‹የተወካዮች ምክር ቤት አባል ለስንት ዓመት ይመረጣል?› ይሉኛል። ‹ስድስት› ስላቸው መሪውን መታ መታ እያደረጉ፣ ‹ስድስት የሴኔት ነው! ይሄኛው ሁለት ነው። ሰዎቹ እንዳይረሱን በየሁለት ዓመቱ እየመጡ ደጃችንን እንዲያንኳኩ ነው!› ይሉ ነበር።»

ሰምሀል ከት ብላ ሳቀች። አባቷ በጤናቸው ጊዜ ይህን ሁሉ ሲያወሩ ሰምታ አታውቅም። ወደ ሥራ ቦታዋ ደውላ እንደምትዘገይ ተናገረች፤ ከዚያም መኪናው ጠርዝ ላይ ተደግፋ ጠበቀች።

ጋሼ ከሃያ ደቂቃ በላይ ፈጁ። በዚያው ወረቀት ላይ የሚመረጡትን የዳኞችና የሌሎች ባለሥልጣናት ስም ይተዉት ወይም ይሙሉት ፋንቱ አላየችም፤ ወረቀቱ ታጥፎ ነው የተሰጣት። ከሊዮን ጋር አዳራሽ ገብተው ድምፅ ቆጣሪው ማሽን ውስጥ ከተቱት። ተመልሰው ሲወጡ ጋሼ በግራ እጃቸው የሊዮንን እጅ ጨበጡት።

በማግሥቱ ሆቴሉ የሠራተኞች ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥኑ ውጤት ሲያወራ፣ ፋንቱ ጋሼ የመረጡት ማንን እንደሆነ ስለማታውቅ ትደሰትላቸው ወይስ ትዘንላቸው ግራ ገባት። እሑድ ብርቱካን ይዛ ቤታቸው ሄደች። ተኝተው ነበር። ሰምሀል ወንበር አቀረበችላትና፣ እሳቸው እስኪነቁ ሁለቱም አልጋው አጠገብ ብርቱካን እየላጡ ተቀመጡ።