ሊሙንጋ ድርጅቱን የተረከበችበት ዓመት

ሊሙንጋ ኤፌቲን ገበሬው የሚያውቃት በድምጿ ነው። ካሜሩን፣ ሙዩካ ያለ የካካዎ ገበሬ ጠዋት ባለ ቁልፍ ስልኩን አንስቶ የእኛን ቁጥር ሲመታ፣ የዱዋላ ወደብን የዕለት ዋጋ በፒጂን እንግሊዝኛ የምትነግረው እሷ ነበረች። ነጋዴው ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ዋጋው ወድቋል ሲለው፣ ገበሬው ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ “የእኛዋ ሴትዮ እንደዚያ አላለችም” ይለዋል።

ሐሳቡ ሁላችንም ፓ፣ ማለት አባ፣ የምንላቸው የሽማግሌው ሞካኬ ነው። እዚሁ ቡያ ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። የአማታቸውን ካካዎ ነጋዴዎች በግማሽ ዋጋ ሲወስዱባቸው አይተው ማስተማሩን ተዉና ሞሊኮ መንገድ ዳር ሁለት ክፍል ተከራይተው “የፋኮ ድምፅ”ን አቋቋሙ። ያኔ ስልክ ገበሬን ይጠቅማል ሲሉ ሰው ስቆባቸዋል። እኔ የቅሬታ ስልክ መላሽ ሆኜ ስገባ ግን የሚስቅ አልነበረም፤ አርባ ሺህ ሰው በቀን ይደውልልን ነበር።

ፓ ሞካኬ ሊሙንጋን የቀጠሯት በየማለዳው ዋጋ አንብባ እንድትቀዳ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ማይል አሥራ ሰባት በሚባለው መናኸሪያ ወያላ ነበረች፤ ድምጿን የሰሙትም እዚያ ተሳፍረው ሲሄዱ ነው። ዝናቡ ጥሪ የሚቀበለውን ማሽን ባቆመ ቁጥር መሐንዲሶቹን ለምን ቆመ፣ በምን ይነሳል እያለች ስትጨቀጭቅ፣ በስድስተኛው ዓመት ከእነሱ ቀድማ የምታስነሳው እሷ ሆነች።

ከዚያ ፓ ሞካኬን ልባቸው አመማቸውና ሐኪሙ ሥራ ይብቃዎት አላቸው። ሁላችንም የጠበቅነው ዋናውን መሐንዲስ ምቡዋን ነበር። ፓ ሞካኬ ሰብስበውን ግን ተተኪዬ ብለው ሊሙንጋን ጠሩ። ምቡዋ ሳቁን መያዝ አቃተውና “በቃ ወያላ ልትነዳን ነው” አለ።

“ወያላ መኪናው ሳይሞላ አያስነሳም” አለችው። “አንተ ነህ ባዶውን የምትነዳ።”

ችግሩ ፓ ሞካኬ ተሰናብተው አለመሄዳቸው ነው። የቢሮውን ቁልፎች በኪሳቸው እንደያዙ በማግስቱ ጠዋት መጥተው በረንዳው ላይ ተቀመጡ፤ በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ሊሙንጋ የወሰነችውን ይዘን በእሳቸው በኩል እናልፋለን፤ እሳቸው ራሳቸውን ከነቀነቁ ነገሩ ቀረ። እኔም ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ፣ አልዋሽም። እሷ አምስት ወር ዝም አለች። አንድ ቀን ለምን እንደምትታገሣቸው ብጠይቃት፣ እንጀራዬን የሰጡኝ ሰው ናቸው፣ በምን አፌ ልናገር አለችኝ።

በመስከረም፣ ካካዎው ተሰብስቦ መሸጥ ሲጀምር፣ ፓ ሞካኬ ከምቡዋ ጋር መከሩና አሮጌውን የስልክ መስመር አዘጉት። ገበሬው ባለ ንክኪ ስልክ ገዝቶ ምቡዋ በሠራው አዲስ መተግበሪያ ዋጋውን በሥዕል ይይ፤ ካልተገፋ አይለወጥም ነው ነገሩ። ለሊሙንጋ የነገራት የለም። ሰኞ ጠዋት የቅሬታ ስልኩ እሳት ሆነ። ኢያ ኤውኔ የሚባሉ የኢኮና መንደር ሴት ከጎረቤት ስልክ ደውለው “ልጄ፣ ያቺ ዋጋ የምትነግረን ሞተች እንዴ?” አሉኝ። ዋጋውን ማንም ስላልነገራቸው የሰበሰቡትን ሁሉ ነጋዴው ባለው ሸጠውታል።

ይህን ለሊሙንጋ ስነግራት ቀጥ ብላ ምቡዋ ዘንድ ሄዳ መስመሩን ክፈተው አለችው። ፓ ናቸው ያዘዙኝ አላት። ወደ በረንዳው ስትወጣ ሥራችንን ጥለን ተከተልናት።

“ፓ፣ ዛሬ ከሁለታችን አንዳችን ወደ ቤት እንሄዳለን” አለች። ድምጿ አልጮኸም።

ፓ ሞካኬ ፈገግ አሉ። “ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ አይደል የሚባለው?”

“ሁለቱ አንድ ነገር ሲናገሩ ነው እሱ።”

“ልጄ፣ ይህን ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ።”

“ሠርተውታል። ለኢያ ኤውኔ ነበር የሠሩት፤ ዛሬ እሳቸውን አስወጥተው በሩን ዘጉባቸው። እኔን የመረጡኝ ቤቱን እንደ ዕቃ እንድጠብቅልዎት ከሆነ ተሳስተዋል። ቁልፉን ይያዙትና እኔ መናኸሪያዬ ልመለስ፤ አለዚያ ደግሞ ይስጡኝና እቤትዎ ይረፉ።”

ከዚያ ሽማግሌው ቁልፎቹን ከኪሳቸው አውጥተው አግዳሚው ላይ አስቀመጡና፣ ማንንም ሳያዩ በጭቃው ውስጥ ወጡ። ምቡዋና ሁለት መሐንዲሶች ተከተሏቸው። ሊሙንጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትንሽ ቆየች፤ ዞር ስትል ዓይኗ ቀልቶ ነበር። መስመሩን ለመክፈት እስከ ቀትር ፈጀባት።

በድርጅቱ ገንዘብ ያላቸው ባለ አክሲዮኖች ዱዋላ ጠርተው ሽማግሌውን ይቅርታ ጠይቀሽ መልሺያቸው አሏት። ይቅርታ ከሆነ መጀመሪያ ኢኮና ሄደን ገበሬዋን እንጠይቅ ብላቸው መጣች። ሊያባርሯት ይችሉ ነበር፤ ግን መከሩ መሐል ላይ ነበርና የአንድ ዓመት የሙከራ ጊዜ ሰጧት። በቀረነው ሰዎች ሠራን። ማሽኑ ሦስት ቀን ሙሉ የቆመበት ሳምንት ነበር፤ ምቡዋ ቢኖር ኖሮ እንዲህ ባልሆነ ያልን ሰዎችም ነበርን። እሷም ሰምታናለች።

ፓ ሞካኬ ቤት በየእሑዱ ትሄድ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ባለቤታቸው በር ላይ ተቀብለው ተኝተዋል እያሉ መለሷት። በዘጠነኛው አስገቧት። ሽማግሌው ስለ ሥራ ሊጠይቋት ሲጀምሩ፣ ስለ ሥራ ከሆነ እነሳለሁ አለቻቸው፤ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ሲያወሩ ዋሉ።

ምቡዋ አሁን ከእኛ በላይ ዳገቱ ላይ የራሱን ድርጅት ከፍቷል፤ መተግበሪያውም ከተማ ላሉት ነጋዴዎች ጥሩ ይሠራል። ሊሙንጋ ደግሞ የምትለቅበትን ቀን በትልቁ አጽፋ ግድግዳ ላይ ለጥፋለች፤ ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ ሰባት ዓመት ሲሞላ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ግቢው ውስጥ ካያችሁኝ ዘበኛ ጥሩ ብላናለች። የሙከራው ዓመት ካለፈ በኋላ ባለ አክሲዮኖቹ ትቆይ፣ ወረቀቱ ይነሳ ብለው ሁለት ጊዜ ጽፈውላታል። አላነሳችውም።